ከዲስክ ድራይቨር የሚመጣ የ«ሜሞሪ» ስህተት፦ ራም ከመግዛት በፊት የሚሠራ ምርመራ

ከርነል የተባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት በሚጽፈው መዝገብ (ሎግ) ላይ «ሜሞሪ» የሚለው ቃል ዲስኩን ከሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ከዲስክ ድራይቨሩ፣ ስም ጋር አብሮ ሲታይ፣ የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ራሙ ነው። ይነቀላል፣ በላጲስ ይጠረጋል፣ ይመለሳል። ካልሆነ አዲስ ይገዛል። እሱም ካልሆነ ማሽኑ ፎርማት ይደረጋል፤ ፎርማቱ ማስረጃውን ጠራርጎ ይወስደዋል፣ ችግሩ ግን ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። ራሙ ጤነኛ ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ መልእክት የሚያወጡ ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ መልእክቱን አንብቦ የሚለያቸው ሰው ከገንዘቡም ከጊዜውም ይቆጥባል።

መመሪያው ባሕር ዳርና አካባቢዋ የቢሮ ሰርቨር፣ የሆቴል መመዝገቢያ ማሽን፣ የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ወይም የጥገና ሱቅ ለሚይዙ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። አብዛኛው ስለ ሊኑክስ ነው፤ የዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ወደ በኋላ አለ። የትእዛዝና የመልእክት ስሞችን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ስትተይቧቸው በላቲን ነው።

ሎጉን ማዳን

ማሽኑ ገና እየሠራ ከሆነ ሪስታርት አታድርጉት። የከርነል መልእክቶች መጀመሪያ የሚቀመጡት ራም ውስጥ፣ መጠኑ በተወሰነ ቦታ ላይ ነው። ማሽኑ ሲጠፋ ይጠፋሉ፤ ቦታው ሲሞላም አሮጌው በአዲሱ ይተካል። «ዲሜሴጅ» የሚለውን ትእዛዝ ከትልቁ «ቲ» አማራጭ ጋር ስጡ፣ ሰዓቱ በሚነበብ መልክ እንዲወጣ። ውጤቱን ወደ ፋይል ላኩት። ፋይሉ የሚቀመጠው በፍላሽ ወይም በኔትወርክ ሌላ ማሽን ላይ ነው እንጂ በተጠረጠረው ዲስክ ላይ አይደለም። ዲስኩ እየሞተ ከሆነ ተጨማሪ መጻፍ ያፋጥነዋል።

ማሽኑ ቀድሞ ከጠፋ «ጆርናልሲቲኤል» በ«ኬ» እና በ«ቢ» አማራጮች፣ ከ«ቢ» ቀጥሎ ሰረዝ 1 ተጨምሮ፣ ያለፈውን ቡት የከርነል መልእክት ያወጣል። ይህ የሚሆነው ጆርናሉ ዲስክ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ብቻ ነው፤ በ«ቫር» ሥር ባለው «ሎግ» ማውጫ ውስጥ «ጆርናል» የሚባል ማውጫ መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ አሁኑኑ ፍጠሩት። ዲስኩ ራሱ ሲቆም ግን የመጨረሻዎቹ መስመሮች የሚጻፉበት ቦታ አያገኙም። ተደጋጋሚ ችግር ላለበት ሰርቨር «ኔትኮንሶል» የተባለውን ሞጁል አስነሱ፤ መልእክቱን በዩዲፒ ወደ ጎረቤት ማሽን ይልካል፣ ዲስክ አያስፈልገውም።

ሰዓት ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ሎጉ 14፡10 ሲል በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ10 ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ፣ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ከተዋቀረ ያችው ቅጽበት 11፡10 ተብላ ትጻፋለች። ጥበቃው «8 ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ነበር» ሲላችሁ ሎጉ ላይ 8 ቁጥርን ከፈለጋችሁ ምንም አታገኙም፤ ወይም ይባስ ብሎ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የተጻፈ፣ የማይገናኝ መስመር ታገኙና እሱን ስታሳድዱ ትውላላችሁ። ቀኑንም አገናኙ፤ ኖቬምበር 5 የሚለው በአብዛኛው ዓመት ጥቅምት 26 ነው። ማሽኑ እንቅልፍ ገብቶ ከነበረ የዲሜሴጅ ሰዓት ይዛባል፤ ከጆርናሉ ጋር አመሳክሩት።

አሁን ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች አንብቡ። የሚፈለገው የመጀመሪያው ስህተት ነው። የዲስክ ችግር አንዴ ከጀመረ በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮችን ይጎትታል፤ የመጨረሻው መስመር የፋይል ሲስተሙ ጩኸት እንጂ የችግሩ መነሻ አይደለም።

«ፔጅ አሎኬሽን ፌይለር»፦ ድራይቨሩ ጠይቆ ያጣው

ይህ መልእክት አንድ የከርነል ክፍል ሜሞሪ ጠይቆ እንዳላገኘ ይናገራል። ራሙ ተበላሽቷል አይልም። በመስመሩ ላይ ሦስት ነገሮችን ፈልጉ።

የመጀመሪያው «ኦርደር» የሚለው ቁጥር ነው። ከርነሉ ሜሞሪን የሚሰጠው በፔጅ ነው፤ በተለመደው የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽን አንድ ፔጅ 4 ኪሎባይት ነው። ኦርደር 0 ማለት 1 ፔጅ፣ ኦርደር 1 ማለት 2፣ ኦርደር 2 ማለት 4፣ እንዲህ እየታጠፈ ይሄዳል። ኦርደር 4 ስለዚህ 16 ፔጅ፣ ማለትም 64 ኪሎባይት ነው። ፔጆቹ ደግሞ በፊዚካል ሜሞሪው ላይ ተከታታይ መሆን አለባቸው። ወደ ዘጌ በምትሄድ ጀልባ ላይ ሃያ ባዶ ቦታ እዚህም እዚያም ቢኖር፣ ጎን ለጎን ካልሆነ አንቀመጥም ያሉ 16 መንገደኞች አይሳፈሩም፤ ነገሩ እንዲሁ ነው። ነጻ ሜሞሪ አለ፣ ተከታታይ ሜሞሪ ግን የለም።

ይህን በዓይን ለማየት በ«ፕሮክ» ሥር ያለውን «በዲኢንፎ» ፋይል ክፈቱ። ዞን ለሚባለው ለእያንዳንዱ የራም ክልል አንድ መስመር አለ፤ ቁጥሮቹ ከግራ ወደ ቀኝ ከኦርደር 0 እስከ 10 ያሉ ነጻ ቁራጮች ብዛት ናቸው። ለምሳሌ «ኖርማል» የሚለው መስመር 9210፣ 3105፣ 402፣ 11፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም 0 ነው እንበል። 9210ን በ4፣ 3105ን በ8፣ 402ን በ16፣ 11ን በ32 አባዝታችሁ ስትደምሩ 68,464 ኪሎባይት ይመጣል፤ ወደ 67 ሜጋባይት ነጻ ነው ማለት ነው። 64 ኪሎባይት በአንድ ላይ የጠየቀ ድራይቨር ግን ከዚህ ሁሉ አንዲት ቁራጭ አያገኝም። «ፍሪ» የሚለውን ትእዛዝ ብቻ አይቶ «ሜሞሪ ሞልቶ ተርፏል» የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው «ሞድ» የሚለው ነው። «ጂኤፍፒ አቶሚክ» ካለ ጠያቂው መጠበቅ የማይችል ነው፤ ኢንተራፕት (መሣሪያ ፕሮሰሰሩን ከሥራው አቋርጦ የሚጠራበት) ውስጥ ሆኖ ወይም ሎክ (ሌላው እንዳይነካ የሚይዝ ቁልፍ) ይዞ ጠይቋል። ከርነሉ ሌላ ነገር አስለቅቆ ሊሰጠው አይችልም፤ ወይ አሁን አለ ወይ የለም። «ጂኤፍፒ ኖአይኦ» ካለ ጠያቂው መጠበቅ ይችላል፤ ነገር ግን ሜሞሪ ለማስለቀቅ ተብሎ ዲስክ ላይ እንዲጻፍ አይፈልግም። የዲስክ ድራይቨሮች ይህን የሚጠቀሙበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ሜሞሪ ለማግኘት ዲስክ ላይ መጻፍ፣ ዲስክ ላይ ለመጻፍ ደግሞ ሜሞሪ ካስፈለገ ሁለቱ እየተጠባበቁ ይቆለፋሉ። «ጂኤፍፒ ከርነል» ካለና ኦርደሩ ከ3 በታች ሆኖም ካልተሳካ ማሽኑ በእውነት ሜሞሪ አጥቷል፤ ያኔ የሚበላውን ፕሮግራም ፈልጉ።

ሦስተኛው ከታች ያለው የጥሪ ዝርዝር፣ «ኮል ትሬስ» ነው። በቅንፍ ውስጥ የሞጁል ስም ይጻፋል፦ «ኤምፒቲ3ሳስ»፣ «ሜጋሬይድ ሳስ»፣ «ኤንቪኤምኢ»፣ «ዩኤስቢ ስቶሬጅ»። እዚያ ላይ የኔትወርክ ካርድ ስም ካያችሁ ዲስኩን ተዉት። መስመሩ ከዲስክ ስህተት ጎን ስለተጻፈ ብቻ የዲስኩ ነው ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ የአቶሚክ ጥያቄ አለመሳካት ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። ብዙ ድራይቨር ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠይቃል፤ የዲስክ ጥያቄዎችን የሚያስተናግደው የከርነሉ የብሎክ ንብርብርም «ሜምፑል» የሚባል ለክፉ ቀን የተቀመጠ ክምችት አለው። ከመልእክቱ በኋላ ባሉት ሴኮንዶች «አይኦ ኤረር» የሚል ካልተከተለ ዳታ አልጠፋም። ከተከተለ ወይም መልእክቱ በየቀኑ ከመጣ እንደሚከተለው ሥሩ።

«ቪኤም» ሥር ያለውን «ሚን ፍሪ ኬባይትስ» የተባለ ቅንብር አንብቡና የአሁኑን ቁጥር መዝግቡ። 16 ጊጋባይት ራም ላለው ሰርቨር 131072፣ ማለትም 128 ሜጋባይት፣ ጥሩ መነሻ ነው። በ«ሲስሲቲኤል» ለጊዜው ሞክሩት፤ ከሠራ ሪስታርት ሲደረግ እንዳይጠፋ በ«ኢቲሲ» ሥር ባለው የሲስሲቲኤል ማውጫ ውስጥ ጻፉት። ከመጠን በላይ ማሳደግ አደጋ አለው፤ ከርነሉ ያን ያህል ስለሚያስቀር ፕሮግራሞች ሜሞሪ አጥተው ይገደላሉ። 4 ጊጋባይት ባለው አሮጌ ማሽን ላይ 1 ጊጋባይት ያስቀመጠ ሰው ማሽኑን ራሱ ጥሎታል።

«ኮምፓክት ሜሞሪ» ወደሚባለው ፋይል 1 መጻፍ የተበታተኑትን ፔጆች ያሰባስባል። «ድሮፕ ካሽስ» ላይ 3 መጻፍም ያግዛል፤ ሁለቱም ግን የሰዓታት መፍትሔ ናቸው። በየሰዓቱ በክሮን (ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት በሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚያስኬዳቸው ሰው ችግሩን እየሸፈነ ነው፣ ካሹ (ራም ላይ የተያዘው የዲስክ ዳታ ቅጂ) በተጣለ ቁጥርም ዲስኩ ከባዶ ይነበባል። ጥያቄው ከንባብና ጽሑፍ መጠን ጋር የሚያድግ ከሆነ «ማክስ ሴክተርስ ኬቢ» የተባለውን የዲስኩን ቅንብር ወደ 128 አውርዱ፤ ፍጥነት ትንሽ ይቀንሳል፣ ትልልቅ ቁራጭ መጠየቅ ግን ይቀራል። ከዚያ የከርነሉን አዲስ ዕትም፣ እንዲሁም ኮንትሮለሩ (ዲስኩን የሚመራው ቺፕ) በውስጡ የያዘውን ፕሮግራም፣ የፈርምዌሩን፣ አዲስ ዕትም ተመልከቱ።

ኮንትሮለሩ ገና ሲነሳ «ፕሮብ ፌይልድ» ብሎ «ኤረር -12» ካለ ያው ሜሞሪ የማጣት ኮድ ነው፤ -5 ቢሆን ኖሮ የንባብና ጽሑፍ ስህተት ነበር። ከእሱ በላይ «ባር» እና «ኖ ስፔስ» የሚል መስመር ካለ የጠፋው ራም ሳይሆን የፒሲአይ አድራሻ ነው፤ ባዮስ ውስጥ «አቦቭ 4ጂ ዲኮዲንግ» የሚለውን አብሩ። ሰርቨሩ ሲወድቅ የሚነሳው የ«ኬዳምፕ» ትንሽ ከርነል ውስጥ ብቻ -12 ከታየም አትደንግጡ። ለእሱ የተመደበለት ሜሞሪ ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ ለሚመራ ትልቅ ሬይድ ካርድ ስላነሰው ነው፤ «ክራሽከርነል» የሚለውን መጠን ጨምሩ።

ዲስኩ ወደ ሜሞሪ እንዳይደርስ ሲሆን

ዘመናዊ ዲስክ ዳታውን በፕሮሰሰሩ እጅ አያሳልፍም፤ በዲኤምኤ በቀጥታ ራም ላይ ይጽፋል። መንገዱ ሲዘጋ ሦስት ዓይነት መልእክት ይመጣል።

«ስዊዮቲኤልቢ ቡፈር ኢዝ ፉል» የሚለው፣ ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለውን አድራሻ መድረስ ለማይችል መሣሪያ የተቀመጠው መሸጋገሪያ ሞልቷል ማለት ነው። መሸጋገሪያው በተለምዶ 64 ሜጋባይት ነው፤ መልእክቱ 32768 ስሎት የሚለው እሱን ነው፣ አንዱ ስሎት 2 ኪሎባይት ስለሆነ። በቡት መስመሩ ላይ «ስዊዮቲኤልቢ» እኩል 65536 ብትጽፉ 128 ሜጋባይት ይሆናል። ግን መጀመሪያ «ዩዝድ» የሚለውን ቁጥር አንብቡ። ከ32768 ውስጥ 16 ብቻ ተይዞ ሳለ ሞላ ካለ መጠን መጨመር ብዙም አይረዳም፤ ጥያቄው ራሱ በአንድ ጊዜ ከሚፈቀደው 256 ኪሎባይት ያልፋል ወይም ስሎቶቹ ተበታትነዋል። ያኔ አሁንም «ማክስ ሴክተርስ ኬቢ»ን አውርዱ።

«ዲማር» በኢንቴል፣ «ኤኤምዲ-ቪአይ» በኤኤምዲ ማሽን ላይ ከታየ፣ አይኦኤምኤምዩ የተባለው ዘበኛ መሣሪያው ያልተፈቀደለትን አድራሻ ሲነካ ይዞታል። መስመሩ የመሣሪያውን የፒሲአይ ቁጥር ይናገራል፤ በ«ኤልኤስፒሲአይ» አመሳክሩት። አንዳንድ የማርቬል ሳታ ቺፖች ዲኤምኤ የሚጠይቁት በራሳቸው ሳይሆን በሌለ ፈንክሽን ቁጥር ነው፤ በአሮጌ ከርነል ላይ ዲስኩ ጨርሶ አይታይም። አዲስ ከርነል ይህን ያውቀዋል። በቡት መስመሩ ላይ «አይኦኤምኤምዩ» እኩል «ፒቲ» ብሎ መሞከር ይቻላል፤ ጨርሶ ማጥፋት ግን ቨርቹዋል ማሽን ለምታስኬዱበት ሰርቨር አይመከርም።

ሦስተኛው ርካሽ የኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ላይ የሚታይ ነው። የራሳቸው ዲራም (የሥራ ሜሞሪ) የሌላቸው ኤስኤስዲዎች የአድራሻ ሠንጠረዣቸውን ለማስቀመጥ ከማሽኑ ራም ይበደራሉ፤ «ሆስት ሜሞሪ ቡፈር» የሚባለው ይህ ነው። ሊኑክስ በተለምዶ ከ128 ሜጋባይት በላይ አያበድርም። «ፌይልድ ቱ አሎኬት ሆስት ሜሞሪ ቡፈር» ካለ ዲስኩ ይሠራል፣ ግን ይዘገያል። «ሚን ሆስት ሜሞሪ» ከልኩ በላይ ነው ካለ ደግሞ የኤንቪኤምኢ ሞጁሉን «ማክስ ሆስት ሜም ሳይዝ ኤምቢ» የሚባል ቅንብር መልእክቱ ወዳለው ቁጥር አሳድጉ። ራም የተሰረቀ መስሏችሁ ዜሮ ካደረጋችሁት ኤስኤስዲው በትንንሽ ፋይሎች ላይ ሲያቃስት ታያላችሁ።

«ቡፈር» እና «ስዋፕ» የሚሉ፣ ግን የዲስክ የሆኑ

«ቡፈር አይኦ ኤረር» ቡፈር የሚል ቃል ስላለበት የሜሞሪ ይመስላል። አይደለም። ዲስኩ የተጠየቀውን ብሎክ ማንበብ ወይም መጻፍ አልቻለም። «ሎስት አሲንክ ፔጅ ራይት» ከተጨመረበት ጉዳቱ ደርሷል፦ ፕሮግራሙ ጻፍኩ ብሎ የሄደው ዳታ ዲስክ ላይ አልደረሰም። «ሪድ-ኤረር ኦን ስዋፕ-ዲቫይስ» ደግሞ ከራም ወደ ስዋፕ፣ ዲስክ ላይ ወዳለው የሜሞሪ ማቆያ ቦታ፣ የወጣ ፔጅ ተመልሶ ሊነበብ አልቻለም ይላል፤ ባለቤቱ ፕሮግራም በሜሞሪ ስህተት ተገደለ ተብሎ ይመዘገባል፣ ሰው ራም ይገዛል፣ የተበላሸው ግን ዲስኩ ነው።

ባክአፕ ከሌለ ከምርመራው በፊት ባክአፕ ይቀድማል። ከዚያ «ስማርትሲቲኤል» በ«ኤ» አማራጭ የዲስኩን ጤና አንብቡ። በሳታ ዲስክ ላይ 5፣ 197 እና 198 ቁጥሮችን (የተተኩ፣ የተጠረጠሩና ሊነበቡ ያልቻሉ ሴክተሮች ቆጣሪዎችን) ተመልከቱ፤ ጥሬ ቁጥራቸው ዜሮ ካልሆነና ከሳምንት ሳምንት ካደገ ዲስኩን ለውጡት። 199 ካደገ ግን ዲስኩን አትጣሉት፤ እሱ በኬብሉ ላይ የጠፋ ዳታ ቆጣሪ ነው። ሎጉም «አይሲአርሲ» ይላል። የሳታ ኬብሉን ለውጡ፣ ሌላ ፖርት ላይ ሰኩ። 199 ወደ ኋላ አይቀንስም፤ ከጥገናው በኋላ የሚታየው ማደጉን ማቆሙ ነው።

ኤንቪኤምኢ «ኮንትሮለር ኢዝ ዳውን» ብሎ የ«ሲኤስቲኤስ» ቁጥሩ በሙሉ «ኤፍ» ከሆነ መሣሪያው ከነጭራሹ መልስ መስጠት አቁሟል። ስሎቱን፣ ሙቀቱን፣ የኃይል ቁጠባ ቅንብሩንና ፈርምዌሩን በዚህ ቅደም ተከተል መርምሩ።

የመብራቱ ጉዳይ እዚህ ውስጥ ይገባል። ክረምት ላይ መብረቅና መቆራረጥ ሲበዛ፣ ወደ ጄኔሬተር በሚዞርባት ቅጽበትም፣ ዲስኩ ኃይል ይቸግረውና ሊንኩ ወርዶ ይነሳል። ሎጉ ላይ ተደጋጋሚ «ሃርድ ሪሴቲንግ ሊንክ» የሚለውን ከመብራቱ ሰዓት ጋር አነጻጽሩ፤ ከላይ ስለ ሰዓት የተባለው የሚጠቅመው አሁን ነው። ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ በመልቲሜትር የዲስኩን የኃይል መስመር ለኩ፦ ቢጫው ሽቦ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ውስጥ መሆን አለበት። ስታቢላይዘር ብቻ ያለው ቢሮ የመብራት መሄድን አይቋቋምም፤ ዩፒኤስ ያስፈልጋል፣ ባትሪው ያረጀ ዩፒኤስ ደግሞ እንደሌለ ነው።

ራሙ በእውነት ሲታመም

ዲስክ መጥፎ ሴክተር ሲያገኝ ይናገራል። ኢሲሲ (ስህተትን ራሱ የሚያርም ዘዴ) የሌለው ራም ግን ዝም ብሎ የተሳሳተ ይሰጣል፤ ጥርጣሬው የሚጀምረው ከዚህ ልዩነት ነው። የራም ሕመም ምልክቱ መበታተን ነው፦ ዛሬ ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሲስተም የቼክሰም (የማረጋገጫ ቁጥር) ስህተት ያወጣል፣ ነገ «ባድ ፔጅ ስቴት» ይመጣል፣ በማግስቱ ሌላ ድራይቨር ይወድቃል፤ ቦታውም ፋይሉም በየጊዜው ይለያያል።

ፈጣን ፍተሻ አለ። ጥቂት ጊጋባይት የሚሆን ፋይል ምረጡና በ«ሻ256ሰም» የይዘቱን መለያ ቁጥር አስሉለት፤ ካሹን ጣሉ፣ ደግማችሁ አስሉ፣ ብዙ ጊዜ። ማንም ያልነካው ፋይል የተለያየ ቁጥር ከሰጠና ሎጉ ላይ ምንም የዲስክ ስህተት ከሌለ ጣታችሁን ወደ ራሙ ቀስሩ።

ኢሲሲ ያለው ሰርቨር ራሱ ይነግራችኋል። «ኢዳክ» በሚል የሚጀምር መስመር ላይ «ሲኢ» የተስተካከለ፣ «ዩኢ» ያልተስተካከለ ስህተት ነው። አንድ ሲኢ አያስደነግጥም፤ በአንዱ ሞጁል ላይ እየተደጋገመ ከመጣ ያንን ሞጁል ለመለወጥ ቀን ያዙ። ዩኢ ከታየ ሰርቨሩን ዛሬ አውርዱት። «ራስዴመን» ከተጫነ ቆጠራውን በየሞጁሉ ያስቀምጥላችኋል።

ለሌላው ማሽን ሜምቴስት86 ፕላስን ፍላሽ ላይ ጻፉና በእሱ ቡት አድርጉ። ከዕትም 6 ወዲህ በዩኢኤፍአይም (በአሮጌው ባዮስ ምትክ በመጣው) ይሠራል፤ ካልተነሳ ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፉ። ከመጀመራችሁ በፊት ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥን ቅንብር) በርቶ ከሆነ አጥፉት፤ ስህተቱ ከእሱ ጋር ከጠፋ ራሙ ጤነኛ ነው፣ የተጫነበት ፍጥነት ነው የበዛው። ቢያንስ 4 ሙሉ ዙር አስኬዱ። አንዲት ስህተት እንኳ ውድቀት ናት።

ባሕር ዳር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ምርመራው ሌሊት፣ ክፍሉ ቀዝቅዞ ሳለ ያልፋል፤ ማሽኑ የሚወድቀው ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሌሊት ያለፈውን ማሽን ከሰዓት በኋላ ክዳኑ ተገጥሞ ደግማችሁ ፈትኑት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት ዝቅ ካለ አገር ያነሰ ነው። ሐይቁ ዳር መስኮት ከፍቶ የሚሠራ ቢሮ ደግሞ አቧራውና የሌሊት ትንኙ ራዲያተሩ ላይ ተጋግሮ ይገኛል፤ ከምርመራው በፊት አጽዱት።

ስህተት ከተገኘ ሞጁሎቹን አንድ በአንድ በአንዱ ስሎት ፈትኑ፤ ከዚያ ጤነኛውን ሞጁል በየስሎቱ አዙሩ። ስህተቱ ሞጁሉን ከተከተለ ሞጁሉ፣ ስሎቱን ከተከተለ ማዘርቦርዱ ነው። አድራሻው በየዙሩ ያው ከሆነ የራሙ ሴል ሞቷል፤ እየዘለለ የሚመጣ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩንና ሙቀቱን አስቀድሙ። ምትክ እስኪገኝ «ሜምማፕ» በሚለው የቡት ቅንብር መጥፎውን አድራሻ ማስቀረት ይቻላል። ሊኑክስን በሚያስነሳው በግሩብ ፋይል ውስጥ፣ በሜምማፕ ቅንብሩ ላይ ያለውን የዶላር ምልክት በኋላ-ስላሽ መሸፈን እንዳትረሱ፤ አለበለዚያ ግሩብ ይውጠዋል።

ጥፋቱ የድራይቨሩ ሲሆን

በ«ፕሮክ» ሥር ባለው «ሚምኢንፎ» ውስጥ «ኤስ አንሪክሌም» የሚለው ቁጥር ሥራ ሳይጨምር ከቀን ቀን ካደገ አንድ የከርነል ክፍል የወሰደውን አይመልስም። «ስላብቶፕ»ን በመጠን አሰልፋችሁ ከላይ ያለውን ስም ተመልከቱ። በ«ኬሜምሊክ» የተሠራ ከርነል ካላችሁ ያልተመለሰውን ቁራጭ ከነጠያቂው ይዘረዝራል።

ከርነሉ ሲወድቅ በሚያወጣው መልእክት ላይ ከ«ቴይንትድ» ቀጥሎ ያሉትን ፊደላት አትለፉ። «ኦ» ከከርነሉ ውጭ የመጣ ድራይቨር አለ ማለት ነው፣ «ፒ» ኮዱ የተዘጋ ድራይቨር፣ «ኤም» ማሽን ቼክ (ፕሮሰሰሩ ያመለከተው የሃርድዌር ስህተት) ደርሷል፣ «ቢ» መጥፎ ፔጅ ታይቷል። «ኤም» ካለ ወደ ራሙ ክፍል ተመለሱ፤ «ኦ» ካለ ያንን ድራይቨር አውጥታችሁ ደግማችሁ ሞክሩ።

የ«ስለብ ዲበግ» ፍተሻ ከበራ ከርነሉ የተለቀቀ ሜሞሪን በ6ቢ (በአሥራ ስድስትዮሽ የተጻፈ ቁጥር) ይሞላል። የወደቀው አድራሻ 6ቢ6ቢ6ቢ እያለ የሚደጋገም ከሆነ ድራይቨሩ የለቀቀውን መልሶ ነክቷል፤ ይህ የሶፍትዌር ጥፋት ነው፣ ራም መለወጥ አያስተካክለውም። በ6ቢዎቹ መሃል አንዲት 6ኤ ብቻ ከተገኘች ግን ሌላ ነው። 6ቢ በሁለትዮሽ 01101011፣ 6ኤ 01101010 ነው፤ አንዲት ቢት ብቻ ተገልብጣለች። ድራይቨር ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ቁጥር ይጽፋል፤ አንዲት ቢት ስትገለበጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራሙ ነው።

ዊንዶውስ ላይ

ሰማያዊው ስክሪን «ከርነል ዳታ ኢንፔጅ ኤረር» ካለ ኮዱ 7ኤ ነው። ዊንዶውስ ከዲስክ ወደ ራም ሊያመጣው የፈለገው ፔጅ አልመጣለትም። በኢቨንት ቪውወር የሲስተም ሎግ ውስጥ «በግቼክ» የሚለውን፣ ቁጥሩ 1001 የሆነውን ክፈቱና ሁለተኛውን ፓራሜትር አንብቡ። መጨረሻው 9ሲ ወይም 16ኤ ከሆነ የዲስክ መጥፎ ብሎክ ነው። 9ዲ ከሆነ ዲስኩ ከማሽኑ ተለያይቷል፤ ኬብልና ኃይል መርምሩ። 185 ከሆነ ኬብል ወይም ኮንትሮለር። 9ኤ ብቻ ነው የሜሞሪ እጥረት የሆነው፤ እሱም ኖንፔጅድ ፑል (ከርነሉና ድራይቨሮች የሚጠቀሙበት፣ ወደ ዲስክ የማይወጣ ሜሞሪ) አልቆ ነው እንጂ ራሙ ተበላሽቶ አይደለም። «ፑልሞን» የተባለው መሣሪያ የሚበላውን ድራይቨር በታጉ (በመለያ ምልክቱ) ያሳያል።

በዚያው ሎግ 51 ቁጥር የፔጂንግ ስህተት ስለሚል ለሜሞሪ ይሰጡታል፤ የዲስክ ነው። 7 መጥፎ ብሎክ፣ 11 የኮንትሮለር ስህተት፣ 129 ዲስኩ መልስ አጥቶ ሪሴት መደረጉ፣ 153 ጥያቄው መደገሙ ነው። 2019 እና 2020 የፑል ማለቅ ናቸው። ድራይቨር ከጠረጠራችሁ ድራይቨሮችን የሚፈትነውን «ቬሪፋየር»ን የማይክሮሶፍት ባልሆኑት ላይ ብቻ አብሩ፤ ማሽኑ መነሳት ካቃተው በሴፍ ሞድ ገብታችሁ ሪሴት አድርጉት። ይህን በሥራ ሰዓት አትሞክሩት።

ከጥገናው በኋላ

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ ፈትኑ። ራም፣ ኬብልና ከርነል በአንድ ቀን ከተለወጡ የትኛው እንዳዳነ አይታወቅም፣ ጤነኛው ዕቃም አብሮ ይጣላል። የጫና መፈተኛዎቹን «ኤፍአይኦ» በዲስኩ፣ «ስትሬስ-ኤንጂ» በራሙ ላይ አንድ ላይ ከሰዓት በኋላ ለ3 ወይም 4 ሰዓት አስኬዱ። ኤፍአይኦን በፋይል ላይ እንጂ በጥሬው ዲስክ ላይ እንዳይጽፍ አድርጋችሁ አዋቅሩ፤ አለበለዚያ ያዳናችሁትን ዳታ ራሳችሁ ታጠፋላችሁ።

የድራይቨር ጥፋት ሆኖ ለአምራቹ ወይም ለከርነሉ ጠባቂዎች የምትልኩ ከሆነ፣ የከርነሉን ዕትም፣ «ሞድኢንፎ» የሚያወጣውን የድራይቨር ዕትም፣ የኮንትሮለሩን ፈርምዌር፣ ከመጀመሪያው ስህተት በፊት ካለው አንድ ደቂቃ ጀምሮ ያለውን ሎግ፣ በዚያው ሰዓት የተወሰዱትን «በዲኢንፎ» እና «ሚምኢንፎ» አያይዙ። ሁሉም በጽሑፍ ፋይል ይሁን፤ የስክሪን ፎቶ የጥሪውን ዝርዝር ስለሚቆርጥ ተመልሶ ይመጣባችኋል። ከመላካችሁ በፊት የመሥሪያ ቤቱን ስምና የአይፒ አድራሻዎችን ከሎጉ አውጡ፣ ሰዓቱ በዩቲሲ ይሁን በእኛ ሰዓት መሆኑንም አንድ መስመር ጻፉ።